ሦስት ባለቤት የነበሯት መኪና

አባቴ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ከሱቅ የተገዛ ስኳር ቤት ሲገባ በራሱ ሚዛን ሳይመዝን ለእናቴ አይሰጣትም። ባለሱቁ የወንድሜ የክርስትና አባት ነበር፤ እሱም ቢሆን ይመዘንበታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከአባታችን ሆይ ቀድሜ ሳልማረው አልቀርም። ስለዚህ ባሌ «አንቺ እኮ መርማሪ ሆነሽ ነው የተወለድሽው» ሲለኝ እንደ ስድብ አልቆጥረውም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የዋህ ከኖረ ቤቱ ይፈርሳል፤ የእኛን ቤት የዋህነት እሱ ጠቅልሎ ወስዶታል።

መኪና ለመግዛት ስንወስን ግን አልተከራከርንም። ከአዲስ አበባ ወጥተን ዓለም ገና ቤት ከሠራን ወዲህ ትልቁ መከራችን መንገድ ነው። ሴት ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ እግሯ ደካማ ነው፤ ከጉልበቷ በታች የብረት ድጋፍ ታስራለች። እግሯን የምታሠራት ባለሙያ ያለችው አዲስ አበባ ነው፤ በየሳምንቱ እናመላልሳታለን። ትንሽ ሳለች አዝያት እሄድ ነበር። ስታድግ ግን ጀርባዬም እሷም እምቢ አሉ። ከቤት እስከ አስፋልቱ ባጃጅ፣ ከአስፋልቱ ሚኒባስ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሚኒባስ። ብረቱ እግሯን ስለማያሳጥፋት ረዳቱ «እግሯን ሰብስቢያት እንጂ እናት!» ይላል፤ የሰው ሁሉ ዓይን እግሯ ላይ ያርፋል። እሷ ደግሞ ነጠላዬን ስባ ብረቱን ትሸፍናለች።

ባለሙያዋ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነግራናለች። ልጅቷ እያደገች ባለችበት በዚህ ጊዜ ሕክምናው ካልተቋረጠ እግሯ ይበረታል፤ ከተቋረጠ ግን እንደ ተጣመመ ይጠነክራል። እኛ ደግሞ ማቋረጥ ጀምረን ነበር። ዝናብ ሲሆን እንቀራለን፤ ታክሲ ሲጠፋ ተሰልፈን ተሰልፈን እንመለሳለን። የባሰው ነገር ልጄ መቅረቱን መውደዷ ነው። አንድ ማለዳ ብረቱን ላስርላት ስል እግሯን ከብርድ ልብሱ ሥር ደበቀችብኝ።

«እማ፣ ለምን አትተዉኝም? አልድንም እኮ» አለችኝ።

ስምንት ዓመቷ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ማታ ባሌ ሲመጣ «መኪና እንገዛለን፤ ያለችንን አሟጥጠን እንገዛለን» አልኩት። ያለችን ለአንድ ጊዜ ስህተት እንኳ የምትበቃ አልነበረችም፤ የገዛናት መኪና መንገድ ላይ የምትቆም ከሆነች ሁለተኛ ዕድል የለንም።

መጀመሪያ የሄድነው ሱሉልታ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ሲነሳ መስማት እንደምንፈልግ በስልክ ተናግረን ማልደን ደረስን። ሱሉልታ ማለዳ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ገና ሰላም ሳንባባል ኮፈኑን በመዳፌ ነካሁት። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ነው የሚመስለው።

«ለምን አሞቃችኋት?» አልኩት ሻጩን።

«ለእናንተ ክብር ነው፣ እህቴ። እንግዳ በብርድ ይቀበላሉ?»

ባሌ በመልሱ ሊደሰት ምንም አልቀረውም። እኔ ግን ቀዝቃዛ ሆና የማትነሳ መኪና ልትደርሰኝ እንደነበር አወቅሁና ክንዱን ይዤ ወጣሁ።

የቡራዩዋን መኪና ያገኘኋት ሳላስባት ነው። ቡራዩ የምትኖር እህቴ ለማርያም ጠርታኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን እንደ ተከናነብኩ በአምቦ መንገድ ዳር ስሄድ በቆርቆሮ የታጠረ የመኪና መሸጫ ግቢ አየሁ። ጠጠር ላይ መኪኖች ተሰልፈዋል። ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ኮት በስኒከር ያደረገ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ከሩቅ «አካም ጅርቱ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረና ነጠላዬን ሲያይ ቋንቋውን አዞረ።

«እንኳን ለእመቤታችን ዕለት በሰላም አደረሰሽ፣ እህቴ! ምን ልታዘዝ?»

መኪናዋ ግራጫ ናት። በጣም ትንሽም በጣም ትልቅም አይደለችም፤ አምስት ሰው ሳይጨናነቅ የምትይዝ የቤት አውቶሞቢል። የኋላ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን በቁመቱ ዘረጋሁት፤ ተዘረጋ። ልቤ ያኔውኑ ገዝቷት ነበር፤ ፊቴን ግን እንዳኮሳተርኩ ወጣሁ። ከሹፌሩ ፊት ያለችው መስታወት ላይ የእመቤታችን ትንሽ ሥዕል በቀይ ክር ተንጠልጥላለች።

«የማን ናት?» አልኩት።

«የዲያቆን መኪና ናት። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት። በጾም ወቅት ጭራሽ አትነሳም።»

«መኪናዋም ትጾማለች?»

«እመቤቴን!» ብሎ ማለ፤ ሥዕሏንም በጣቱ ነካ አድርጎ ተሳለመ።

«እንግዲያው ዲያቆኑ ራሳቸው ይምጡና እንነጋገር፤ እርስዎ ሻጭ እንጂ ባለቤት አይደሉም።»

«ውጭ አገር ናቸው። ግን ውክልና አለኝ፣ ምን ችግር አለው?»

ችግሩማ ሞልቷል። በውክልና የተሸጠ መኪና ባለቤቱ አንድ ቀን ብቅ ብሎ «እኔ አልሸጥኩም» ሲል ስንት ሰው ፍርድ ቤት እንደ ተንከራተተ ሰምቻለሁ። ግን ከውክልናው ይልቅ ሆዴ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው። የሥዕሏ ክር አዲስ ነበር፤ ከማሸጊያው ሲወጣ የነበረው እጥፋት እንኳ አልለቀቀም። ዲያቆን ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስባት መኪና ላይ የተሰቀለች ሥዕል ፀሐይ አይቷት መደብዘዝ አልነበረባትም? ዓለም ገና እስክደርስ ድረስ ያችን ክር ሳስብ ሄድኩ።

ባሌ ሙስሊም ነው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ስንጋባ በሁለቱም ወገን ያልተቆጣ ዘመድ አልነበረም፤ አሁን ሁሉም ለምዶታል፤ ለፋሲካም ለዒድም የሚመጣው እንግዳ ያው ነው። እናም አንድ ዘዴ መጣልኝ። ባሌን «ዓርብ ከስግደት ስትወጣ በቡራዩ እለፍ። ኮፍያህን እንዳታወልቅ። እኔን እንደማታውቀኝ ሁን» አልኩት። እንደዚህ ያለውን ነገር አይወድም፤ ግን ለልጁ ሲባል ሄደ።

ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «አላህ ሰጠን! የሐጂ መኪና ናት፤ ሰውየው ታመው ነው እንጂ ራሳቸው ይመጡ ነበር።»

«እስቲ ልገምት» አልኩት። «ከቤት ወደ መስጊድ፣ ከመስጊድ ወደ ቤት?»

«ማን ነገረሽ?»

«በረመዳንስ?»

«ጭራሽ አትነሳም ብሎኛል» አለና ቆም አለ። «መስታወቱ ላይ የሙስበሃ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ወላሂ ብሎ ማለልኝ እኮ!»

ስለ ዲያቆኑ ስነግረው ሶፋው ላይ ተንጋሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ያችን ሥዕልና ያንን ሙስበሃ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከቁልፍና ከቡሎን ጋር ተደባልቀው፣ እንደ ገበያተኛው መልክ ሲወጡና ሲገቡ አሰብኩና ደሜ ፈላ። ሰው የማይፈራ ሰው አውቃለሁ፤ የሁለቱንም ወገን አምላክ የማይፈራ ግን እሱ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልብ በይ» አለ ባሌ ሳቁን ሲጨርስ። «ስለ ባለቤቱ እንጂ ስለ ሞተሩ አልዋሸም። ሞተሩን ራሳችን እናስይ።»

የማስየቱን ጉዳይ እኔ ያዝኩት። ገዢ ይዞት የሚሄደው መካኒክ ከሻጩ በኩል የሻይ እንደሚቀበል ዓለም ያውቃል፤ መኪናዋን አይቶ «ንጹሕ ናት» የሚለው ለየትኛው ሻይ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ሰበታ ድረስ ሄጄ አንድ መካኒክ ያዝኩና የት እንደምንሄድ ሳልነግረው የኮንትራት ታክሲ ውስጥ አስገባሁት። መንገዱን ሁሉ ስልኩን እንዳያወጣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመሙ ሳላቋርጥ ጠየቅሁት። ቡራዩ ስንደርስ ከባሌ ዘመዶች ይልቅ ስለ እሱ ዘመዶች የማውቀው ይበልጥ ነበር። ያን ቀን የልጃችን የሕክምና ቀን ስለነበር እሷንም ይዘናታል።

ሻጩ በር ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ባሌ ኮፍያውን እንዳደረገ ከታክሲው ወረደ። ሻጩ «ያ አኺ፣ ወንድሜ! አሰላሙ ዓለይኩም!» ብሎ እጁን ዘረጋለት። ከኋላው እኔ ማተቤ አንገቴ ላይ እንደሆነ ወረድኩና የባሌን ክንድ ያዝኩ። ልጃችን ደግሞ «አባ፣ አውርደኝ» አለች። የሰውየው እጅ አየር ላይ ቀረ። መፋቂያውን ከቀኝ ጉንጩ ወደ ግራ አዞረ፤ እኔን አየ፤ ባሌን አየ። ከዚያ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ በፍጥነት ወደ መኪናዋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ስንደርስ መስታወቱ ላይ ምንም አልነበረም። የኮቱ ኪስ ግን አብጦ ነበር።

መካኒኩ ሥራውን ጀመረ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ኮፈኑን ቀድሜ ነክቻለሁ። አስነሳት፣ አዳመጠ፣ ከሥር ገባ፣ ይዟት አንድ ዙር ዞረ። እኔ የእሱና የሻጩ ዓይን ሳይገናኝ እንደማይቀር ገምቼ መሐላቸው ቆምኩ። በመጨረሻ እጁን እየጠረገ መጣ።

«ሞተሯም ካምቢዮዋም ደህና ናቸው። የኋላው የቀኝ በር ብቻ በድጋሚ ተቀብቷል። ግጭት አይመስለኝም፤ ላሜራው አልተነካም። ውሰዷት።»

ልጄ በዚህ መሐል የኋላውን የቀኝ በር ከፍታ ወንበሩ ላይ ወጥታለች። እግሯን እንደ ልቧ ዘርግታ፣ ማንም «ሰብስቢያት» ሳይላት፣ ብረቱን ሳትሸፍን ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ለብዙ ጊዜ ያላየሁት እፎይታ ነበር። ግን የያዘኝ ቁጣ አልለቀቀኝም። እርስዎ ማለቱንም ተውኩት።

«እሺ፣ ዛሬስ የማን ናት?» አልኩት። «የዲያቆኑ ወይስ የሐጂው?»

አላፈረም። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ዓይኑ ከእኔ ላይ ተነስቶ ልጄ ጋ ሄደ፤ ከፊቷ ወደ እግሯ ወረደ፤ ብረቱ ላይ ቆየ።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለ።

«ሦስተኛውን?»

«የመኪናዋ ባለቤት እንደሷ ያለች ልጅ አለችው። እንዲህ ያለ ብረት ነበረው እግሯ። በዚች መኪና እያመላለሰ አሳከማት። ያ በር የተቀባውም ስትወጣ ስትገባ ብረቷ እየጫረው ነው። አሁን ድናለች። ብረቱን ጥላ እንደ ግልገል ትሮጣለች። መመላለስ ቀረ፤ ለዚህ ነው የሚሸጣት።»

ብረት በሩን የሚጭረው ከውስጥ ነው፤ የተቀባው ደግሞ ከውጭ ነው። ይህ ነገር አፌ ድረስ መጣ። ሰውየው ሥዕሏንና ሙስበሃውን ኪሱ ከትቶ ሦስተኛ ጌጥ ሲሰቅል በዓይኔ አየሁት፤ የሰቀለው ደግሞ የልጄን እግር ነው። አንገቱን ባነቅሁት ደስ ባለኝ።

«ብረቱን ስንት ዓመቷ ላይ ጣለችው?» አለች ልጄ ከውስጥ።

ሰውየው ወደ በሩ ጎንበስ አለ። «አንቺን በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

«እዚህ ጋ ነበር የምትቀመጠው?»

«እዚያው የተቀመጥሽበት። እግሯን እንዲሁ ዘርግታ። በዚች ልጅ...»

«በልጄ አትማል!» ብዬ ጮኽኩ።

መፋቂያውን መልሶ አፉ ከተተ። ልጄ ወንበሩን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችው፤ ሌላ ሰው ሙቀቱን ትቶበት የሄደ ይመስል። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ብርድ ልብስ ሥር እግሯን የደበቀችብኝ ልጅ አይደለችም። እና እኔ፣ ስኳር እየተመዘነ ባደግሁበት ቤት የተማርኩትን ሁሉ ይዤ፣ ስለ በሩ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሰውየውን ጠላሁት፤ ደግሞ እግሩ ላይ ወድቄ ማመስገን አማረኝ። ሁለቱ ስሜት አንድ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር።

ከልማድ የተነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «በውክልና አልገዛም። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይፈርም።»

ለዲያቆኑ ውጭ አገር፣ ለሐጂው ሕመም ሰበብ ያገኘው ሰው አሁን ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ «ይመጣል» አለ። ከሰማሁት ሁሉ ያስፈራኝ ያ «ይመጣል» ነው።

በማግስቱ ማለዳ ልጄ ብረቱን ራሷ ይዛልኝ መጣች። እግሯን ዘርግታ ሳስርላት ስለ ሌላዋ ልጅ ትጠይቀኝ ጀመር። ታለቅስ ነበር? ታለቅስ ነበር አልኳት፣ ግን አንድም ቀን አትቀርም ነበር። እናቷ ትቆጣት ነበር? አንዳንዴ። አሁን ኳስ ትጫወታለች? ምን ጥያቄ አለው። ቀን በቀን ለዚያች ልጅ ጸጉር አወጣሁላት፣ ጓደኛ አበጀሁላት። ባሌ ከሳሎን ሆኖ ሲሰማ ከርሞ አንድ ቀን በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አንቺም ደላላ ሆንሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሰበታ ውል የሚጸድቅበት ቢሮ በር ላይ ባለቤቱ ቀድሞን ቆሞ ነበር። ስሙን ጠይቄ ከመታወቂያውና ከመኪናዋ ሊብሬ ጋር አስተያየሁ፤ እሱ ነው፣ ዲያቆንም ሐጂም ያልሆነ፣ ብቻውን የመጣ ጭምት ሰው። ወረፋ ስንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ከየት እንደገዛት፣ ለምን እንደሚሸጣት፣ ዘይቷን መቼ እንደ ቀየረ ቆሞ እስኪለምነኝ እጠይቀው ነበር። ያን ቀን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብኩ። አንዴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ደንግጬ ተነስቼ ውኃ ልጠጣ ሄድኩ።

ተፈራረምን። ውጭ መኪናዋ አጠገብ ቁልፉን አወጣና ሊሰጠኝ ሲል ልጄን አያት። ባሌ ደግፏት ወደ ኋላው ወንበር እየገባች ነበር፤ ብረቱ የበሩን ጠርዝ ነካና ድምፅ አሰማ። ሰውየው ቁልፉን እጁ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

«ልጅዎ ናት?»

«አዎ።»

«እኔም...» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን!» አልኩት ከአፉ ነጥቄ። ቁልፉንም ከእጁ ወሰድኩ። «ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ። በጣም እናመሰግናለን፣ ደህና ይሁኑ።» ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም።

እስከ ዛሬ ያ «እኔም» ጆሮዬ ላይ አለ። እኔም እንደሷ ያለች ልጅ አለችኝ፣ ድናልኛለች ሊለኝ ይሆናል። እኔም ነበረችኝ ሊለኝም ይሆናል። እኔም ልጅ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር ሊልም ይችላል፤ ሰው ልጅ ሲያይ ይህን ይላል። አንድ ቃል ብጠብቀው አውቀው ነበር። በዕድሜዬ ሰው ሊነግረኝ የፈለገውን ነገር አልሰማም ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።

መሪውን ያዝኩ። ባሌ አጠገቤ ገባ። ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ልጄ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «አባቷ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

የበሩን መስታወት አወረደችና አንገቷን አውጥታ ጮኸች። «ለልጅዎ ሰላም በሉልኝ! እኔም በቅርቡ እጥለዋለሁ በሏት!»

ነዳጁን ረገጥኩት። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ተረጨ። «መስታወት ሳታዪ?» አለ ባሌ ደንግጦ። ፊት ለፊቴ ያለችው፣ ምንም ያልተንጠለጠለባት መስታወት ሰውየውን ከነፊቱ ይዛልኛለች፤ ቀና ብል አየው ነበር። ቀና አላልኩም፤ ዓይኔን ከአስፋልቱ ላይ ሳላነሳ መንገድ ገባሁ።

«እማ፣ ሰማኝ? ምን አለ?»

«እሺ ብሎሻል» አልኳት።